የአባዳን ነገር፦ ከንቲባውም አከራዩም ኩባንያ የነበረባት ከተማ

ድንጋይ ተራ
ሰኞ፣ ማታ 3፡20

ሰላም ቤተሰብ። ይሄ ክር ትንሽ ይረዝማል፤ ቡና ይዛችሁ ግቡ።

ጎረቤቴ ኢራናዊ ሽማግሌ ናቸው። እዚህ ቨርጂኒያ አንድ ሕንጻ ላይ ነው የምንኖረው። ከየት ነዎት ሲሏቸው "ከኢራን" አይሉም። "ከአባዳን" ነው መልሳቸው፤ ያውም ደረታቸውን ነፋ አድርገው። ባለፈው ሻይ ጠርተውኝ ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለ ከተማቸው ሲያወሩኝ ቆዩ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ስለ አባዳን ሳነብ ነው የማመሸው። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከተራራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ዊልያም ኖክስ ዳርሲ የሚባል ባለሀብት ከፋርስ ንጉሥ የነዳጅ ፍለጋ ፈቃድ ወሰደ። ለዓመታት ተቆፈረ፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። ገንዘቡ ተሟጦ ሰዎቹ ዕቃቸውን ሊሸክፉ ሲሉ፣ ግንቦት 26 ቀን 1908 መስጂድ ሱለይማን በተባለው ቦታ ነዳጁ ወደ ሰማይ ተፈናጠረ። በዓመቱ የአንግሎ ፐርሺያን ነዳጅ ኩባንያ ተቋቋመ። የዛሬው ቢፒ አያት ማለት ነው።

ግን ተራራ ላይ ያለ ነዳጅ ምን ያደርጋል? መርከብ አይደርስበት። ስለዚህ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ቧንቧ ተዘርግቶ ወንዝ ዳር እንዲወርድ ተደረገ። የተመረጠችው ቦታ አባዳን ነች። ሻት አል አረብ የሚባለው ትልቅ ወንዝ ባሕር ሊገባ ሲል የሚያቅፋት ደሴት ናት። ጭቃ፣ ተምር፣ ትንኝ። በጋው 50 ዲግሪ ይነካል። መሬቱን በ1909 ለኩባንያው የሰጡት የአካባቢው አረብ ገዢ ሼክ ኸዛል ናቸው። ማጣሪያው በ1912 ሥራ ጀመረ። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊፈነዳ ሲል፣ የእንግሊዝ መንግሥት ከኩባንያው 51 በመቶ ገዛ። የባሕር ኃይሉ ሚኒስትር ቸርችል ነበር። የጦር መርከቦቹ ከድንጋይ ከሰል ወደ ነዳጅ እየዞሩ ነበርና ነዳጁ የግድ በእጅ መግባት ነበረበት።

እንግዲህ አስቡት። ደሴቷ ላይ ከጥቂት የተምር ገበሬዎች መንደር በቀር ከተማ የሚባል የለም። መሐንዲሱ ከእንግሊዝ መጣ። ጸሐፊው፣ ኤሌክትሪሽያኑ፣ ቧንቧ ገጣሚው ከሕንድ። ማጣሪያ ቀድሞ የሠራ ሰው ደግሞ ከበርማዋ ራንጉን፤ ምክንያቱም ከኩባንያው ጀርባ የነበረው ገንዘብ የበርማ ኦይል ነው። ጉልበት የሚሸጠው ከአካባቢው አረብና ከባኽቲያሪ ተራሮች ወረደ። የራንጉን ሰዎች የሠሩት መስጊድ እስካሁን ማጣሪያው አጠገብ ቆሟል። ሲኮቹ የኖሩበት ሰፈር "ሲክ ሌን" እንደተባለ ቀርቷል።

ቤቱ የኩባንያው፣ ውኃው የኩባንያው፣ መብራቱ የኩባንያው። ሆስፒታሉ፣ አውቶቡሱ፣ በረዶው ሳይቀር። ከተማ ሳይሆን አጥሩ የሰፋ ፋብሪካ በሉት። ቀሪውን ነገ እጽፋለሁ፣ ጥያቄ ካላችሁ ወርውሩ።


ለገሃር 76
ሰኞ፣ ማታ 4፡05

ወንድሜ ተባረክ። አንድ ነገር ብቻ፤ በኛ አቆጣጠር ብትጽፍልን ምናለ? 1908 ስትለኝ እኔ የሚታየኝ የልጅ ኢያሱ ዘመን ነው።


ድንጋይ ተራ
ሰኞ፣ ማታ 4፡11

ሃሃ። ልክ ነህ። ነዳጁ የወጣው ግንቦት 18 ቀን 1900 ነው። ምኒልክ በሕይወት አሉ። ግን ሁሉንም እየቀየርኩ ብሄድ እሳሳታለሁ፤ በፈረንጁ እቀጥላለሁ፣ ያስፈለገኝ ቦታ ላይ በኛ እጨምራለሁ።


የከዚራ ልጅ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡30

ሠራተኞቹና አለቆቹ አንድ ሰፈር ነው የሚኖሩት? እኔ ድሬዳዋ ነው ያደግኩት። ባቡሩ በ1902 ሲደርስ ነው ከተማዋ የተቆረቆረችው። የፈረንሳዮቹ ኩባንያ ከዚራን በማስመሪያ አሰምሮ፣ ዛፍ ተክሎ፣ መንገዱን ቀጥ አድርጎ ሠራ። ከደቻቱ ወዲያ ማዶ መጋላ እንደፈለገች ጠመዝማዛዋን ቀጠለች። አያቴ ደቻቱን ሲሻገሩ ጫማቸውን ያደርጉ ነበር አሉ፤ ሲመለሱ ያወልቁታል። የአንተ ሽማግሌ ሲያወሩ ይሄ ነው ትዝ ያለኝ።


ድንጋይ ተራ
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡50

የከዚራ ልጅ፣ የነገሩን እምብርት ነው የነካሽው። እንዲያውም የዚህ ክር ጉዳይ ሌላ ሳይሆን እሱ ነው፤ ቤት።

አባዳን ውስጥ ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ ስሙን አይጠይቁትም፤ የት ነው የምትኖረው ነው የሚሉት። ሠራተኛው በሦስት ይከፈላል። ከፍተኛ ሠራተኛ፣ መለስተኛ ሠራተኛ፣ ከዚያ ወዛደር። ቤቱ ከማዕረጉ ጋር ይመጣል። የክፍሉ ብዛት፣ የወንበሩ ዓይነት፣ የግቢው ስፋት ሁሉ በደረጃ ነው። ዕድገት ያገኘ ሰው ደሞዝ ብቻ ሳይሆን ሰፈር ይቀይራል።

ብሬይም የእንግሊዞቹ ሰፈር ነው። ሰፊ ቪላ፣ ሣር፣ የአጥር ተክል፣ ጽጌረዳ። በዚያ ሙቀት ጽጌረዳ! ጂምካና የሚባል ክበብ አለ። የጀልባ ክበብ አለ። ቴኒስ፣ ክሪኬት፣ መዋኛ። አሁን ካርታ ክፈቱና እዩ። ብሬይም ከማጣሪያው በስተሰሜን ምዕራብ ነው። የአካባቢው ነፋስ በብዛት የሚነሳው ደግሞ ከሰሜን ምዕራብ ነው። ጭሱ የት እንደሚሄድ እናንተው ጨርሱት።

ሽማግሌው ይህን ሲነግሩኝ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ እንደ ካርታ ዘረጉ። "ይህ አውራ ጣት ብሬይም፤ መሐሉ ማጣሪያው፤ እኛ እዚህ" አሉና ትንሿን ጣታቸውን ነኩ። "እናቴ ልብስ ስታሰጣ መጀመሪያ ሰማይ ታያለች።"

በ1930ዎቹ ባዋርዳ የሚባል ሰፈር ተሠራ። ነዳፊው ጄምስ ሞሊሰን ዊልሰን ነው፤ ኒው ዴልሂ ስትሠራ የሉትየንስ ረዳት የነበረ አርክቴክት። ዴልሂ ላይ የተማረውን ነው ይዞት የመጣው። ሬዛ ሻህ የዳርሲን ውል በ1932 ሰርዘው በዓመቱ አዲስ ሲፈራረሙ፣ ኩባንያው ኢራናውያንን በሥራ ላይ እንዲያሳድግ ግዴታ ገባ። ያደጉት የት ይኑሩ? ብሬይም ማስገባቱ አልተዋጠላቸውም። ስለዚህ ኢራናዊና እንግሊዛዊ ሠራተኛ ተጎራብቶ የሚኖርበት የአትክልት ሰፈር ተባለና ባዋርዳ ተወለደች። ቆንጆ ሰፈር ናት፤ ፎቶዎቹን አይቻለሁ። ያለችው ግን ከማጣሪያው ወዲያኛው ጫፍ ነው።

ቤት የማይደርሰውስ? እሱ ብዙው ነው። አሕመድአባድ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ተጨናንቆ ይኖራል። ከዚያም የባሰ ነበር። "ካጋዝአባድ" ይሉታል። የወረቀት ሰፈር ማለት ነው። ከቆርቆሮ፣ ከካርቶን፣ ከተገኘው ነገር የተሠራ ደሳሳ። የማጣሪያው መብራት ሌሊቱን ሙሉ እያበራባቸው ውስጡ ኩራዝ ነው የሚበራው።


ሚዛን አጥባቂ
ማክሰኞ፣ ማታ 5፡15

ይቅርታ፣ እኔ ትንሽ ለየት ልበል። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ዘፈን ሰለቸኝ። ከዚያ በፊት እዚያ ምን ነበር? ራስህ ጭቃና ትንኝ ብለሃል። ሆስፒታል ሠሩ፣ የቧንቧ ውኃ አመጡ፣ መንገድ አነጠፉ። በ1939 የቴክኒክ ተቋም ከፍተው ኢራናውያን መሐንዲሶችን አሠልጥነዋል። እኔ ወንጂ ነው የተወለድኩት። ሆላንዶቹ ለራሳቸው ጥሩ ቤት ሠሩ፣ እውነት ነው። ግን ለሠራተኛውም ክሊኒክና ትምህርት ቤት ነበረው። ከሄዱ በኋላ ያ ሣር ምን ሆነ? ጠይቁ።


የከዚራ ልጅ
ማክሰኞ፣ ማታ 5፡40

ሚዛን አጥባቂ፣ ጭቃውን ማን ካደው? ጥያቄው ሌላ ነው። የመጠጥ ውኃ መቅጃ ላይ "ለኢራናውያን አይደለም" የሚል ጽሑፍ ነበር ተብሎ ተጽፏል። አንተ ወንጂ ላይ ይህን ብታይ ሣሩ ይታይህ ነበር?


ሚዛን አጥባቂ
ማክሰኞ፣ ማታ 5፡52

እሱን አላይም ነበር፤ ተረታሁ። ግን የቴክኒክ ተቋሙን አትዝለሉት እንጂ፣ እንግሊዞቹ ሲወጡ ማጣሪያውን ያንቀሳቀሱት እዚያ የተማሩ ልጆች ናቸው።

በነገራችን ላይ የኛዎቹ ሆላንዶች እንዴት እንደመጡ ታውቃላችሁ? ኤችቪኤ የተባለው ኩባንያቸው ኢንዶኔዥያ ውስጥ የስኳር ጌታ ነበር። እዚያ መሬቱ ሲከዳቸው በ1951 ከኢትዮጵያ ጋር ተዋዋሉ፣ በ1954 ወንጂ ስኳር አወጣች። ከአንዱ ቦታ ሲነቀሉ ሌላው ጋ ይተክላሉ። ያንኑ የቤት ንድፍ ይዘው ይዞራሉ።


ካምቦ ሱዳን
ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡10

ሰላም ልጆች። እኔ በዕድሜ ሳልበልጣችሁ አልቀርም። የመጨረሻው ነገር፣ "ሲነቀሉ ሌላው ጋ ይተክላሉ" ያልከው፣ ለአባዳንም ይሠራል። ከኛ ባሕር ማዶ ነው የተከሉት።

በ1951 ኢራን ነዳጁን ወርሳ እንግሊዞች አባዳንን ሲያጡ ወዲያው ማጣሪያ የሚሠሩበት ቦታ ፈለጉ። የመረጡት ኤደንን ነው። በ1952 መሬት ተቆፍሮ በ1954 ማጣሪያው ትንሿ ኤደን በተባለው ቦታ ሥራ ጀመረ። ያውም ከጎኑ የባለሙያዎቹ ሰፈር። ዳገት ላይ ነጫጭ ቤት፣ ክበብ፣ የባሕር ዳር መዋኛ። አባዳንን እንደገና ነው የተከሉት። በ1977 ለደቡብ የመን መንግሥት ተላለፈ።

ከዚያ በፊት ደግሞ ይህ አለ። በ1952 ሮዝ ሜሪ የምትባል መርከብ ከአባዳን ነዳጅ ጭና ወደ ጣሊያን ስትሄድ፣ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ከላይ እየበረሩ ኤደን ወደብ አስገቧት። በዓመቱ ጥር የኤደን ፍርድ ቤት ነዳጁ የኩባንያው ነው ብሎ ፈረደ። ከዚያ በኋላ የኢራንን ነዳጅ ደፍሮ የሚጭን እንደ ልብ አልተገኘም።

እኔ ያደግኩት አሰብ ነው። ስሜን አይታችሁ ገምታችኋል። አሰብ ሰጊር፣ አሰብ ከቢር፣ ካምቦ ሱዳን፤ ከመሐል አገር የመጣነው ካምቦ ሱዳን ነበርን። የኛ ማጣሪያ የሶቪየት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1959 ሞስኮ ሄደው ብድር ተገኘ፤ በ1967 ሥራ ጀመረ። በዓመት 500,000 ቶን ድፍድፍ እንዲያጣራ ነበር የተሠራው። ከአባዳን ጋር ስታነጻጽሩት ልጅ ነው። ግን ለኛ ከሰማይ የወረደ ነገር ነበር። ማታ ጭስ ማውጫው ላይ የሚነደው እሳት ከባሕር ላይ ይታያል። አባቴ በፈረቃ ነበር የሚሠራው። የፈረቃው መኪና ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ ይነቃል። ሙቀቱን ግን አትጠይቁኝ። ከቧንቧ የሚወርደው ውኃ ቀን ቀን ሻይ ያፈላል። አልጋችንን ግቢ አውጥተን ነበር የምንተኛው። ማጣሪያው በ1997 ተዘጋ።


ዘራፍ ባዩ
ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡02

አሰብን ካነሳን አይቀር እንግዲህ ወደቡ


አወያይ
ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡04

አይ። ለሱ ሌላ ክር አለ። አራት መቶ ገጽ ደርሷል። እዚያ ይግቡ።


ለገሃር 76
ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡30

አወያዩ በሁለት ደቂቃ! ጋሼ ካምቦ ሱዳን፣ እጅ ነስቻለሁ፤ ባይጠፉ ደስ ይለናል።

አንድ ጥያቄ ለድንጋይ ተራ። ታዲያ ኢራኖች የተነሱት በገንዘብ ነው ወይስ በቤት? ትምህርት ቤት የተማርነው የነዳጅ ገቢ ድርሻ ነው ብለውን ነበር።


ድንጋይ ተራ
ረቡዕ፣ ማታ 3፡45

ጋሼ ካምቦ ሱዳን፣ የሮዝ ሜሪን ነገር ለሽማግሌው ነገርኳቸው። "ኤደን!" ብለው ጭናቸውን መቱ።

ለገሃር፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። ገንዘቡ አለ፤ አይካድም። ኩባንያው ለንደን ላይ የሚከፍለው ግብር ለኢራን ከሚሰጠው ድርሻ ይበልጥ ነበር። በዚያ ላይ በ1950 መጨረሻ የአሜሪካኖቹ ነዳጅ ኩባንያ አራምኮ ከሳዑዲ ጋር እኩል ለእኩል ተካፈለ። ቴህራን ይህን ሰምታ ዝም ልትል አትችልም።

ግን አባዳን ላይ ሆነህ ስታየው ነገሩ ሌላ ነው። አድማው የጀመረው ገና በ1920 ነው። ያውም በሕንዶቹ። በ1922 ደገሙት፤ ብዙዎቹ ተጭነው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1929 ኢራናውያኑ ተነሱ። በ1946 ሐምሌ ትልቁ አድማ መጣ፤ ደም ፈሰሰ፣ በርካታ ሰው ሞተ። በእነዚህ ሁሉ አድማዎች ከደሞዙ ጎን የማይጠፋ ጥያቄ አለ። ቤት፣ ውኃ፣ በረዶ፣ መጓጓዣ። 50 ዲግሪ ላይ በረዶ ቅንጦት አይደለም።

ከዚያ በ1951 መጋቢት የኢራን ፓርላማ ነዳጁ ይወረስ ብሎ ወሰነ። በዚያው ሰሞን ኩባንያው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ራቅ ያሉ ቦታዎች የሚሠሩ ሰዎችን አበል ቀነሰ! አድማው ከዚያ ተነሥቶ አባዳን ደረሰ። ሚያዝያ ላይ ከተማዋ ተናወጠች፤ ከኢራናውያንም ከእንግሊዞችም ሰው ሞተ። በዚያው ወር መጨረሻ ነዳጁ ይወረስ ባዩ ሞሳዴቅ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። እኔ እንደሚመስለኝ ለንደን ያሉት ሰዎች የሒሳብ መዝገባቸውን እንጂ የነፋሱን አቅጣጫ አላዩትም። ሁለቱንም ትርጉም ውሰዱት።

ጥቅምት 4 ቀን 1951፤ በኛ መስከረም 23 ቀን 1944። የቀሩት እንግሊዞች፣ ሦስት መቶ ገደማ ይሆናሉ፣ ጂምካና ክበብ ፊት ለፊት ተሰበሰቡ። ሻንጣ፣ የቴኒስ ራኬት፣ የጎልፍ ዱላ፣ አንዳንዱ ውሻውን ይዟል። ወንዙ መሐል ሞሪሺየስ የተባለችው የጦር መርከብ ቆማለች። በትንንሽ ጀልባ ተመላልሰው ተሳፈሩና ወደ ባስራ ሄዱ። በዓለም ትልቁ ማጣሪያ ነበር፤ ባለቤቶቹ በአንድ ጠዋት ወጡ።

ሽማግሌው ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ናቸው። አባታቸው ትከሻ ላይ ሆነው ከሩቅ አይተዋል። "ሰው ይጮህ ነበር?" አልኳቸው። "አይ" አሉኝ። "ሁሉም ሰው ዝም ብሎ መርከቡን ነበር የሚያየው። አባቴ ብቻ 'አሁን ሳይረኑን ማን ነው የሚነፋው?' አለ።" የማጣሪያውን ሳይረን "ፊዱስ" ነው የሚሉት። ከተማዋ በሱ ነበር የምትነሳውና የምትተኛው።


ደማም ያለሁት
ሐሙስ፣ ጠዋት 12፡50

አንባቢ ነኝ፣ አልጽፍም አብዛኛውን ጊዜ። ግን እኔ አሁን የምኖረው በዚሁ ባሕረ ሰላጤ ሌላኛው ዳር ነው፤ ሹፌር ነኝ። ዳህራን ያለው የአራምኮ ካምፕ አጠገብ በቀን ሁለት ሦስቴ አልፋለሁ። በሩ ላይ መታወቂያ ካላሳየህ አትገባም። አጥሩ ውስጥ የአሜሪካ ሰፈር ነው የሚመስለው ይላሉ የገቡ ሰዎች። የሚገርመው፣ ሳዑዲ ውስጥ ሴት መኪና እንዳትነዳ በተከለከለበት ዘመን ሁሉ አጥሩ ውስጥ ትነዳ ነበር። እስከ 2018። አንድ አገር፣ በሩን ስታልፍ ሌላ ሕግ።

ሠራተኛው እዚህም ዝም አላለም። በ1953 ትልቅ አድማ ነበር። በሺዎች ነው ሥራ ያቆሙት። ከጥያቄው ውስጥ አንዱ ምን ይመስላችኋል? የመኖሪያ ቤት።


ቀይ ሰማይ
ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡25

ይህ ነገር እኮ ዓለም አቀፍ ነው። አሩባ የምትባለው የካሪቢያን ደሴት ላይ ስታንዳርድ ኦይል እንዲህ ዓይነት ሰፈር ነበረው። ላጎ ኮሎኒ ይባላል። አሜሪካኖቹ በአጥሩ ውስጥ፤ ከየደሴቱ የመጣው ጥቁር ሠራተኛ ሳን ኒኮላስ ከተማ ውስጥ። አንድ ቀልድ የሚመስል እውነት ልንገራችሁ። በየካቲት 1942 የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ሌሊት መጥታ ወደቡ ላይ የቆሙ ነዳጅ ጫኞችን በቶርፔዶ መታች። ቀጥሎ ማጣሪያውን በመድፍ ልትመታ ስትል፣ ተኳሾቹ የመድፉን አፍ ክዳን ማንሳት ረስተው ኖሮ እዚያው በራሳቸው ላይ ፈነዳ። ሰፈሩ በዚያ ተረፈ። ማጣሪያውን ኤክሰን በ1985 ዘጋው፤ አሜሪካኖቹ ሄዱ፣ ቤቶቹ ቀሩ።


ለገሃር 76
ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡31

ክዳኑን ረሱት??? ውትድርና እንዲህ ከሆነ እኔም ጄኔራል ነኝ።


የከዚራ ልጅ
ሐሙስ፣ ማታ 1፡15

ድንጋይ ተራ፣ ከዚያ በኋላስ? ብሬይም ባዶ ቀረች?


ድንጋይ ተራ
ሐሙስ፣ ማታ 4፡00

አልቀረችም። እንግሊዝ ገበያውን ዘጋች፤ ማጣሪያው ለአገር ውስጥ ብቻ እያንቀላፋ ሠራ። ነሐሴ 19 ቀን 1953 ሞሳዴቅ በመፈንቅለ መንግሥት ወደቁ፤ ከጀርባው የእንግሊዝና የአሜሪካ የስለላ ድርጅቶች ነበሩ። በዓመቱ ኩባንያዎች ተሰባስበው ገቡ። ስሙን ቢፒ ብሎ የቀየረው የድሮው ኩባንያ 40 በመቶ፣ የአሜሪካኖቹ 40 በመቶ፣ ሼል 14፣ ፈረንሳዮቹ 6። ፈረንጆቹ ወደ ቪላዎቹ ተመለሱ። አሁን ግን ጎረቤታቸው ኢራናዊ መሐንዲስ ነው፣ ክበቡም ለሱ ተከፍቷል።

ሽማግሌው "የኛ ወርቃማ ዘመን" የሚሉት ይህን ነው። 1960ዎቹና 70ዎቹ። ሲኒማ በየሰፈሩ፣ አዲስ ፊልም፣ የፀሐይ መነጽር። አባዳኖች እስካሁን በሬይባን መነጽር ይቀለድባቸዋል። እግር ኳስ ቡድናቸው ሰንዓት ናፍት ቢጫ ስለሚለብስ "አባዳን ብራዚል ናት" ብለው ይዘፍናሉ። (ናፍት ማለት ነዳጅ ነው። የኛ ናፍጣ ዘመዱ ነው።) የእንግሊዝኛ ቃል ደግሞ አፋቸው ውስጥ ሞልቷል። የሠራተኛ ቤቶቹን ረድፍ "ሌን" ይሉታል። እኛ ላ ጋርን ለገሃር ብለን እንዳስቀረነው።

መጨረሻው ግን ያማል። ነሐሴ 19 ቀን 1978 ሲኒማ ሬክስ በሮቹ ተዘግተው ተቃጠለ። ወደ አራት መቶ የሚጠጋ ሰው ውስጡ አለቀ። ሽማግሌው ይህን አልነገሩኝም፤ አንብቤው ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ የኢራቅ ጦር መጣ። ባስራ ማዶ ናት እኮ። ከተማዋ ለአንድ ዓመት ያህል ተከበበች፣ ማጣሪያው እየነደደ ቀረ። ከጦርነቱ በፊት ወደ 300,000 ሰው ይኖርባት ነበር። በ1986 የሕዝብ ቆጠራ የተመዘገበው ስንት መሰላችሁ? 6። ስድስት ሰው። ቆጣሪውን ጨምሮ ይሁን አይሁን እንጃ።


ካምቦ ሱዳን
ሐሙስ፣ ማታ 4፡40

ድንጋይ ተራ፣ ሁለቱን ቀኖች አየሃቸው? ነሐሴ 19 በኛ ነሐሴ 13 ነው። ቡሄ። ሞሳዴቅ የወደቁት በቡሄ ዕለት፣ ሲኒማው የተቃጠለው በቡሄ ዕለት፣ በ25 ዓመት ልዩነት። እኛ ችቦ ስናበራ።

እኔ አሰብን ከለቀቅሁ ብዙ ዘመን ሆነኝ። ስድስት የምትለው ቁጥር ገባችኝ።


ሚዛን አጥባቂ
ዓርብ፣ ጠዋት 2፡00

ጋሼ፣ ያንን አላሰብኩትም ነበር።

ድንጋይ ተራ፣ አንድ ነገር ጠይቅልኝ። ሽማግሌው እንግሊዞቹ ከሄዱ በኋላ ብሬይም ገብተው ያውቃሉ? መጀመሪያ ያዩት ምንድነው? ሣሩን ነው ወይስ ቤቱን? ክርክሬን ለማሸነፍ አይደለም፤ ከልቤ ነው።


ድንጋይ ተራ
ዓርብ፣ ማታ 3፡10

ጠየቅኋቸው። ልጅ ሆነው ከጓደኞቻቸው ጋር አጥር ዘለው ገብተዋል። በዚያው 1951 ኅዳር ላይ ነው። አትክልተኛው ደሞዙን የሚከፍለው ባይታወቅም ሣሩን ያጠጣ ነበር አሉ። አባረራቸው። እየሮጡ ሳለ አንዱ ልጅ በረንዳ ላይ የተረሳ የቴኒስ ኳስ አነሳ። እስኪቀደድ ድረስ ሰፈራቸው ውስጥ እግር ኳስ ተጫወቱበት።

ከዚያ በ1968 ራሳቸው መሐንዲስ ሆነው ብሬይም ውስጥ ቤት ደረሳቸው። እናታቸውን ወሰዷቸው። እናትየው ግቢውን ዞረው ዞረው፣ ሣሩንም ቤቱንም ምንም አላሉም። ልብስ ማስጫ ገመዱ የት እንደሆነ ነው የጠየቁት።

ከጦርነቱ በፊት የተነሡት የዚያ ቤት ፎቶ አለ። ነገ ስልኬ ላይ ያነሳሁትን እለጥፋለሁ፤ የሰው ፊት የሌለበትን።